ዝቅ ያለችው መኪና

በአማርኛ ‹‹ሞላ›› ስንል ብዙ ጊዜ ግሥ ነው፤ እንስራው ሞላ፣ ወንዙ ሞላ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሞላው እንላለን። የሰው ስምም ነው። ጋራዥ ስንገባ ግን ሞላ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይኸውም ተጠቅልሎ የተሠራ፣ ሲጫኑት የሚያጥር፣ ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ የብረት ዘንግ ነው። ይህኛው ሞላ ከጣሊያንኛ የመጣ በመሆኑ ከግሡ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ጎማና ባሌስትራም በዚያው በር የገቡ ቃላት ናቸው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ የጦር መሣሪያ ስምም ነው፤ ፍላጻ የሚያስፈነጥር ትልቅ ቀስት ማለት ነው። በጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረውም ብረት እንደ ቀስት የጎበጠ ነውና ስሙን ይጋራል። መካኒኮቻችን እነዚህን ቃላት ያለ መምህርና ያለ መዝገበ ቃላት ተቀብለው የአማርኛ እርባታ ሰጥተዋቸዋል፤ ‹‹ሞላዎቹ ደክመዋል››፣ ‹‹ባሌስትራው ተሰበረ›› ሲሉ የቃላቱ ባዕድነት ለማንም ትዝ አይለውም።

ስለ ሞላ እንዳስብ ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ይህ ወጣት በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም እየኖረ ሥራው ቡሬ ስለነበር በየቀኑ ይመላለሳል። (‹‹ፍኖት›› በግእዝ መንገድ ነው፤ ከተማዪቱ እንግዲህ በስሟም የመንገድ ልጅ ናት።) በ2009 ዓ.ም. ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶ ከአዲስ አበባ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ሴሊካ ገዝቶ መጣ። ሴሊካ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ከፊት ሁለት ሰው በምቾት፣ ከኋላ ሁለት ሰው በትዕግሥት የሚቀመጡባት የስፖርት መኪና ናት፤ ፋብሪካው ከ1970 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ሠርቷታል። ባጃጅ፣ ጋሪና አይሱዙ በሚተራመሱበት ጎዳና ላይ ስትታይ ሕፃናት ይከተሏት ነበር። እንዲህ ያለችው መኪና በሌላ ቦታ የእሑድ መዝናኛ ትሆናለች፤ እሱ ግን በርበሬና በቆሎ ከሚጭኑት ጋር እየተጋፋ የዘወትር መመላለሻ አደረጋት።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከዱባይ አንድ ወዳጁ አራት አዳዲስ ሞላዎች ላከለት። የመኪናዋ ፋብሪካ የሠራቸው አልነበሩም፤ መኪናን ዝቅ ለማድረግ ተብለው ለብቻቸው የሚሸጡ፣ አጠርና ጠንከር ያሉ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ባስገጠማቸው ማግስት ሊያሳየኝ መጣና ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ራቅ ብለህ ተመልከታት›› አለኝ። ራቅ ብዬ ተመለከትሁ። እውነት ለመናገር አምራ ነበር። በጎማውና በላዩ ባለው የቆርቆሮ ቅስት መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ጠብቦ፣ ጫማዋን ያወለቀች የምትመስለው መኪና አሁን በልኳ የተጫማች መስላለች። በሜትር ብንለካት ከማርሚታዋ እስከ መሬት 14 ሳንቲሜትር የነበረው 10 ተኩል ሆኗል።

ወጣቱ ይህን ያደረገው ለመልክ ብቻ አልነበረም። ‹‹መኪና ዝቅ ሲል መንገድ ይይዛል›› ይላል። ነገሩ መሠረት አለው። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው ይሸሻል፤ የሚሸሸው መጠን የስበት ማእከሉ ከመሬት ባለው ከፍታ ይወሰናል። 1,200 ኪሎ የሚመዝን፣ ግራና ቀኝ ጎማዎቹ በ150 ሳንቲሜትር የተራራቁ፣ የስበት ማእከሉ 55 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መኪና እንውሰድ። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱን እኩሌታ በሚያህልበት ጠንካራ ኩርባ ላይ፣ 600ን በ55 አባዝተን ለ150 ስናካፍል 220 ኪሎ ወደ ውጪ ይተላለፋል። መኪናውን በ3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብናደርገው ስሌቱ 208 ኪሎ ይሰጠናል። ትርፉ 12 ኪሎ ነው። በውድድር ሜዳ 12 ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቡሬ መንገድ ላይ ግን ከኋላ የተቀመጠ አንድ ከረጢት ጤፍ ያክላል።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ የእነዚህም ከባዱ ባትሪ ከወለሉ ሥር የተነጠፈ በመሆኑ የስበት ማእከላቸው ያለ ማንም ድካም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ከሁሉ የሚወደደው ዕቃቸው ለድንጋይ የቀረበው ነው።

በአዲሶቹ ሞላዎች ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አብሬው ሄጃለሁ። በአስፋልቱ ላይ ደስ ትላለች። ኩርባ ላይ አታዘነብልም፤ መሪው ሲዞር ወዲያው ትታዘዛለች፤ ሾፌሩም ከመንገዱ ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። አባቶቻችን ሰጋር በቅሎ በወርቅ የሚገዙት ለምን እንደነበር እንዲህ ያለ ጊዜ ይገባኛል፤ ደግሞም ከስግሯ በፊት ቁመናዋን ያዩ ነበር። ወደ ከተማ ስንገባ ግን ወሬው ተለወጠ። በየትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተራው አነጋገረን፤ እያንዳንዱን በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብለን ተሻገርነው። ባጃጆች በግራም በቀኝም እየቀደሙን ይስቁ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚያስረዳው ሕግ ጥንታዊ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የሞላን ጠባይ ካወቀ በኋላ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በ1676 እ.ኤ.አ. ፊደላቱን አዘበራርቆ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፈታው። (ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሊቃውንት ተንኮል እንግዳ አይሆንብንም።) ፍቺው እንዲህ ነው፤ ሞላ የሚያሳየው መሳሳብ ወይም መጨመቅ ከተጫነው ኃይል ጋር በእኩል ሬሾ ይሄዳል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መጨመቁም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ወደ ሴሊካዋ እናምጣው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሞላ 300 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። የፋብሪካው ሞላ በየ25 ኪሎው 1 ሳንቲሜትር የሚጨመቅ ከሆነ መኪናዋ ቆማ ሳለች 12 ሳንቲሜትር ተጨምቋል ማለት ነው። አዲሱ ሞላ ጠንካራ ነው፤ 1 ሳንቲሜትር ለመጨመቅ 30 ኪሎ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዚያው ጭነት 10 ሳንቲሜትር ብቻ ይጨመቃል። ታዲያ ጠንካራው ሞላ መኪናዋን እንዴት ዝቅ ያደርጋታል? ሲሠራ በ5.5 ሳንቲሜትር ያጠረ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ላይ ያልተጨመቀው 2 ሳንቲሜትር ሲቀነስ 3.5 ሳንቲሜትር ዝቅታ ይቀራል።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ሞላው መውረድ የሚችለው የላስቲክ መቆሚያው እስኪነካ ድረስ ነው። ቀድሞ እስከዚያ ድረስ 8 ሳንቲሜትር ቢኖር፣ ለመሙላት 8 ጊዜ 25፣ ማለት 200 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት ያስፈልግ ነበር። አሁን የቀረው 4.5 ሳንቲሜትር ነው፤ 4.5 ጊዜ 30 ደግሞ 135 ኪሎ ነው። ጠንካራ የተባለው ሞላ ቶሎ አለቀ! ከኋላ 130 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎችና አንድ ኩንታል በርበሬ ቢጫኑ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 115 ኪሎ ይደርሰዋል። በቀድሞው ሞላ ገና 85 ኪሎ የሚሸከም ትርፍ ነበር፤ በአዲሱ የቀረው 20 ኪሎ ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ይህን ጨርሳ መቆሚያውን ትመታለች፤ ከዚያም ወዲያ የሚወዛወዘው ሞላው መሆኑ ቀርቶ የተሳፋሪው አከርካሪ ይሆናል። ለፋብሪካው ሞላ የተሠራው ሾክ አብዞርበርም ጠንካራውን ሞላ ለመቈጣጠር ስለሚቸገር ቶሎ ይደክማል። ጎማዎቹም መኪናዋ ስትወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ አላይመንቱ ካልተስተካከለ በውስጥ ጠርዛቸው በኩል እንደ ሳሙና ያልቃሉ።

ይህ ሁሉ በስሌት ደብተር ላይ ሊቀር ይችል ነበር፤ እኅቴ ባትኖር። እኅቴ የምትኖረው ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በጃቢ ጠህናን ገጠር ነው። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ሲሆን፣ በበጋ አቧራ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማጥ ነው። የጋሪ ጎማ ግራና ቀኝ ቦይ ስለሚቀድበት መካከሉ እንደ መደብ ጐብጦ ይቀራል። ሴሊካዋ በፋብሪካ ሞላዋ ሳለች፣ በበጋ ሆድዋን እየቈጠበች በሩ ድረስ ትደርስ ነበር። እኅቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በየወሩ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሚያመላልሳት ልጇ ነው። ሞላዎቹ ከተለወጡ በኋላ መኪናዋ አስፋልቱ ዳር ቆማ መቅረት ግድ ሆነባት፤ እኅቴም በዱላ ተደግፋ፣ እያረፈች፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መምጣት ጀመረች። ሁለተኛው ወር ላይ እኔም አብሬ ነበርሁ። ከመኪናዋ አጠገብ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና ‹‹የኔ ጌታ፣ ድሮ መኪናህ ቤተኛ ነበረች፤ ዛሬ ምን አስቀየምናትና ከደጅ ቀረች?›› አለችው። ልጁ ዝም አለ። ‹‹እታለም፣ ግቢ፣ ፀሐይ ነው›› ብዬ በሩን ከፈትሁላት፤ ወደ ወንበሩ ለመውረድም ሁለታችንም ደገፍናት፤ መቀመጫውም ዝቅ ብሏልና።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ ‹‹ጋሼ፣ የስፖርት መኪና እኮ እንዲህ ነው የሚያምርበት›› ብሎ ተከራከረኝ። የስፖርት መኪና ሁሉ ዝቅ ማለት አለበት የሚለው አሳብ ግን ለስላሳ መንገድ ባለበት አገር የተወለደ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ አስታወስሁት። በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ያን ውድድር ያሸነፈችው ዳትሰን 240ዜድ የምትባል ሁለት መቀመጫ ያላት የጃፓን የስፖርት መኪና ነበረች። ለውድድሩ ያዘጋጇት ሰዎች ግን አላወረዷትም፤ ለአቧራውና ለጭቃው ብለው ከፍ አደረጓት፣ ሆዷንም በብረት ጋሻ ሸፈኑት። እሷን ያየ ማንም መልኳ ተበላሸ አላለም። ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ ሥዕሏን ፈለገና ብዙ ጊዜ ተመለከተው፤ የስብከት ያህል ከምናገረው ይልቅ ያ ሥዕል የሠራ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የተዘጋጀ ሞላ መግዛት ያልቻሉ አንዳንድ ወጣቶች የፋብሪካውን ሞላ በጋዝ እሳት አስቈርጠው መኪናቸውን ያወርዳሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ግሎ በልክ በመቀዝቀዙ ነው፤ እሳት ሲነካው ያ ጠባይ በተቃጠለው በኩል ይጠፋል፤ ብረቱም ወይ ይልላል ወይ ይሰበራል። ያጠረውም ሞላ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወልቅ ይችላል። አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ተቈርጦ በጉዞ ላይ የተሰበረ ሞላ አይቻለሁ፤ ስብራቱ እንደ ሸክላ ነበር። የልጁ ሰማያዊ ሞላዎች ቢያንስ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ልጁ የፋብሪካውን ሞላዎች ከአልጋው ሥር አውጥቶ አስመለሳቸው። አዲስ ሾክ አብዞርበርም ጨመረ፤ አላይመንቱንም አስተካከለ። ከሰማያዊዎቹ ጋር ግን ጨርሶ አልተለያየም። ለሁለት ዓመታት ያህል ኅዳር ላይ ይገጥማቸዋል፣ ግንቦት ላይ ይፈታቸዋል፤ የእናቱ የሆስፒታል ቀን በበጋ ሲውል ደግሞ ከጎረቤት ባጃጅ ይከራያል። የመካኒኩን ዋጋ ደምሮ ቢያየው ይደነግጥ ነበር፤ እንዳይደነግጥ ይመስለኛል አልደመረውም። መካኒኩ ግን ደስተኛ ነበር፤ ‹‹ሞላ ሞላ አደረገኝ›› እያለ ይቀልድ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መኪናዋን ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሸጣት። ገዢው ስምንቱንም ሞላዎች ሲያይ ዐይኑ በሰማያዊዎቹ ላይ ቀረ፤ ወዲያው እንዲገጠሙለትም ጠየቀ። ልጁ ግን እምቢ አለ። ከደጀን ወዲያ ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ተራራው እየተንሸራተተ አስፋልቱን እንደ ማዕበል እንደሚያጥፈው ነገረው፤ ‹‹ጎሐ ጽዮን እስክትወጣ ድረስ በእነዚህ ሂድ፤ ከዚያ በኋላ የራስህ ጉዳይ ነው›› አለው። መኪናዋ ከፍኖተ ሰላም ስትወጣ ቆመን አየናት፤ ረዣዥሞቹን ሞላዎች አድርጋ ነበር፤ ሰማያዊዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ከኋላ ሻንጣዋ ውስጥ ነበሩ።