የካ ላይ አንድ ማማ ነበር

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ፣ ቤቱ አልቆ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ጉብታ ላይ፣ በደርግ ዘመን አንድ ማማ ነበር። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ለወለል የተረበረበ አጣና፣ የዛገ ቆርቆሮ ክዳን፣ ለመውጫ በሚስማር የተመታ መሰላል። የቆላ ገበሬ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ከሚሠራው የሚለየው ትንሽ ከፍ በማለቱ ብቻ ነው። የሚቀመጥበት የደን ዘበኛ ነው። ፊት ለፊት “ጋሼ” እንለዋለን፤ ዞር ሲል ግን በጋ ከክረምት ከላዩ በማይወርደው ካፖርቱ ነበር የምንጠራው። “ካፖርት መጣ!” ከተባለ ተራራው ላይ ያለ ልጅ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል።

ሥራው ሁለት ነበር። አንዱ ጭስ ማየት፣ ሌላው እናቶቻችንን ማየት።

ከጭሱ ልጀምር። ካፖርት ደስ ባለው ቀን ሁለት ሦስታችንን ወደ ላይ ያወጣንና ያስተምረን ነበር። ጭስ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የሰማሁት ከእሱ ነው። የማጀት ጭስ ቀጭን ነው፤ ከክዳኑ ሥር ሾልኮ ወዲያው ይጠፋል። የከሰል አክሳዩ ጭስ ነጭና ወፍራም ሆኖ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ይውላል። የሚያስፈራው ሥሩ የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ነፋሱ በሄደበት እየሄደ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚለወጠው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጭሱን ሸለቆ ውስጥ አስተኝቶ ስለሚያቆየው ዓይን ይታለላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ነው ቀጥ ብሎ የሚወጣው። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሳሩ ደርቆ ነፋሱ ሲነሳ፣ ካፖርት ምሳውን እንኳ እዚያው ላይ ነበር የሚበላው።

ስጋቱ የከንቱ አልነበረም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ያው ዘይት እሳት ካገኘው ነዳጅ ነው። ቅርፊቱ ደግሞ እየተላጠ በረጅሙ ይንጠለጠላል፤ ሲቀጣጠል ነፋስ ያነሳውና ገደል አሻግሮ ሌላ እሳት ያስጭረዋል። እሳቱ መሬት ለመሬት እስከሄደ ድረስ በእርጥብ ቅጠል ይመታል፣ በአፈር ይዳፈናል። የዛፉ ጫፍ ላይ ከወጣ በኋላ ግን አካፋ የያዘ ሰው ከመሸሽ በቀር የሚያደርገው የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ማማ የሚሠራው ለዚያች አጭር ጊዜ ሲባል ነው።

ካፖርት ስልክ አልነበረውም፤ ያለው ፉጨትና ጉሮሮ ነው። “እሳት! የአገር ያለህ!” ሲል ድምፁ እስከ ሰፈር ይወርዳል፤ ከዚያ ቅብብሎሽ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ይህን ያህል የሚያምር አልነበረም። የሰፈራችን እናቶች ገና ሳይነጋ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ይወጣሉ። ጭራሮ ይሰብራሉ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ይለቅማሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ። ከሠላሳ ኪሎ ያለፈ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ይወርዱታል፤ ያን የሚያህል ሸክም ቁልቁል ላይ ዝግ ብሎ መሄድን አይፈቅድም። ካፖርት ከላይ ሆኖ ያያቸዋል። ያኔ ፉጨቱ የእሳት አይደለም። ወርዶ ይይዛቸዋል፣ ገመዳቸውን ይቆርጣል፣ ሸክሙን ይወርሳል፤ አንዳንዴም ከመቀነት ጫፍ የተፈታች ሳንቲም ነገሩን ታበርደዋለች። አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ ነበር የምንላት፣ “ይኼ ሰውዬ እዚያ ላይ የተሰቀለው ጭስ ሊያይ ነው ወይስ የእኔን ጀርባ?” ትል ነበር።

እሳት ሲነሳ ግን ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ሌላ ማን አለ? ወንዱ ሥራ ላይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ መኪና አቀበቱ አያስወጣው። ሸክማቸውን ጥለው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይመቱታል። ካፖርትም አብሯቸው ይመታል። ያን ቀን ገመድ አይቆረጥም፤ በማግስቱ ይቆረጣል።

እሳቱን ከመምታትም የሚበልጥ ነገር ሠርተዋል። በየቀኑ ቅጠሉን እየጠረጉ ለእንጀራ መጋገሪያ ሲያወርዱት፣ የዛፉ ሥር እንደ ዓመት በዓል ግቢ ጥርግ ያለ ነበር። እሳት ቢነሳ እንኳ የሚበላው አያገኝም። አፈሩ ተራቁቶ በክረምት ጎርፍ መታጠቡ እውነት ነው፤ የደን ባለሙያዎች ለዓመታት ሲወቅሱት የኖሩት ነገር ነው፣ ልክም ናቸው። ነገር ግን ያንኑ ጥርጊያ ከእሳት ጥበቃ ሒሳብ የጻፈላቸው ሰው አላየሁም። ማማው ላይ ያለው ደመወዝተኛ ነበር፤ ከታች ያሉት ደግሞ ሌባ ይባሉ ነበር።

ተራራውን፣ ዛፉንና እነዚህን ሴቶች ያገናኘው የከተማዋ የራሷ ታሪክ ነው። ምኒልክ ከየካ ጋር በተያያዘው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆርም የማገዶው ችግር ተከትሎ ወረደ፤ እንዲያውም ቤተ መንግሥቱን ነቅሎ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍን መምጣት ብዙዎች ሞንዶን ቪዳይሌ ከተባለው ፈረንሳዊ የምኒልክ አማካሪ ጋር ያያይዙታል፤ ጊዜው የ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። ዛፉን ወስደን አብሮት መምጣት የነበረበትን እሳት የመጠበቅ ልማድ ግን አገሩ ትተነው መጣን።

አገሩማ እንዲህ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፔምበርተን በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ካሪ የሚሉት የባሕር ዛፍ ዓይነት ከሃምሳ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ማማ ሠርተው ሊያልፉት አልቻሉም። ስለዚህ ዛፉን ራሱን ማማ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1947 አንዱን ትልቅ ካሪ መርጠው ግንዱ ላይ ዙሪያውን መርገጫ ሰኩበት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቤት ሠሩ፣ ጠባቂ አወጡበት። ግሎስተር ይባላል። ኋላ አውሮፕላን ሥራውን ሲወስድበት የጎብኚ መስህብ ሆነ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1910 አይዳሆና ሞንታና ውስጥ በሁለት ቀን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን ከተቃጠለባቸው በኋላ በየተራራው ጫፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ማማዎች አቁመዋል። በማማው መሐል ካርታ የተለጠፈበት ክብ ጠረጴዛ አለ፤ ጠባቂው በማነጣጠሪያው ጭሱን አይቶ አቅጣጫውን በዲግሪ ያነባል። ሁለተኛው ማማ ላይ ያለውም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች ካርታው ላይ የተቋረጡበት ቦታ እሳቱ ያለበት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ጥበቡ። ብዙዎቹ ማማዎች ፈርሰዋል፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ በተራራ ወጪዎችና በበጎ ፈቃደኞች ተጠግነው ለአዳር ይከራያሉ።

እኛ ዘንድ ዘግይቶ ማየት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሳው ቃጠሎ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ነክቷል። ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ዘመቱ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ባለሙያ መጣ፤ የዘመተ ሁሉ ደግሞ ወደ ሰማይ ነበር የሚያየው፣ ዝናብ ፍለጋ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲነድ የደባርቅና የጎንደር ሰው ገደሉን በእግሩ ወጣ፤ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ አጥፊ ቡድን ከእስራኤል ተጠራ።

ካፖርት በመንግሥት ለውጡ ሰሞን ከማማው ወረደ፤ ወዴት እንደሄደ አልሰማንም። ማማውን ማንም አላፈረሰውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ቆርቆሮው ሄደ፣ ቀጥሎ አጣናው፣ በመጨረሻ ቋሚዎቹ። ማን እንደወሰደው ሰፈሩ ያውቃል፤ አንዱ ቋሚ የአንዲት እናት ጎጆ ምሰሶ ሆኖ ብዙ ዓመት እንደቆመ እኔም አውቃለሁ። እትዬ ነበረች። እሰይ ብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ተራራ ብዙ አገኘ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ 1,300 ሄክታር ገደማ ተረክቦ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን አንዳንዶቹ እንጨት ተሸካሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና ለወጡ። 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ፣ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ የተሠራው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ከእንጨት ለቃሚዎቹም እዚያ ሥራ ያገኙ እናቶች እንዳሉ በጊዜው ተነግሯል፤ ደግ ነገር ነው። አስፋልቱ፣ ፈረሱ፣ ካፌው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ገደል መሻገሪያው ሁሉ አለ። ቅዳሜና እሑድ ከየካ በኩል ተራራ የሚወጣው ወጣት ብዛት ያስደስታል፤ በማለዳ ደግሞ ሯጮቹ አሉ። እኛ በባዶ እግር ከዘበኛ የሮጥንበትን ዳገት እነሱ ለሜዳሊያ ይሮጡበታል።

እንግዲህ ከእንጦጦ አናት በብዙ የብርሃን ዓመት ርቀት ያለ ኮከብ ይታያል። ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ሽቅብ ከምትዞር ሳተላይት ጋር ተወርቷል። ሰው ማኪያቶውን እየጠጣ ከተማውን ቁልቁል ያያል፤ ከተማውም ባይሆን ራሱን በስልኩ ያያል። በየጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ከታች ካለው ቅጠል ውስጥ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ብቻ የሚያይ ሰው ግን አላየሁም። ቅጠሉ ደግሞ ዛሬ አይጠረግም። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ሆኗል፣ አጥሩ ጠንክሯል፣ ጠራጊዎቹም አርጅተዋል። በየባሕር ዛፉ ሥር የተከመረውን ለማየት ባለሙያ መሆን አያሻም፤ እግርን ሰደድ ማድረግ ይበቃል። ሳተላይት ይታየዋል የሚሉኝ አሉ። ይታየዋል፤ በላያችን ሲያልፍ። ካፖርት ግን አያልፍም ነበር፤ እዚያው ነበር።

ባለፈው በጋ በሰፈራችን እድር ላይ የማማው ነገር ተነሳ። ወጣቶቹ ናቸው ያነሱት፤ ተራራ መውጣት የሚወዱ፣ የአባቶቻቸውን ወሬ ሰምተው “ማማው ይሠራልን” የሚሉ። ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ንድፍ አሳዩን። ብረት ነው፣ አራት ፎቅ፣ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ማታ ማታ የሚበራ መብራት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቡና፣ አናቱ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ፎቶ መነሻ። ሁሉም አጨበጨበ። አንድ አዛውንት ግን እጃቸውን አወጡና “ልጆቼ፣ ግሩም ነው። ማን ነው የሚቀመጥበት?” አሉ። “ጎብኚ ነዋ አባባ!” ተባለ። “እሱስ ይቀመጥ። ጎብኚው ራት ሊበላ ሲወርድስ?” ያን ጊዜ መልስ አልተገኘም፤ ስብሰባውም ወደ ድንኳን ኪራይ ጉዳይ አለፈ።

የእኔ ሐሳብ ርካሽ ነው። አጣና ይበቃል። አንድ ሳይሆን ሁለት ማማ፣ አንዱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አንዱ ወደ ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል፣ መስመሮቹ እንዲቋረጡ። ሁለት አቅጣጫ መለኪያ፣ ሁለት ስልክ፣ ከጥር እስከ ግንቦት የሚከፈል ደመወዝ። ቅጥሩ ላይ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ዲግሪ አትጠይቁ። ተራራውን ጎንበስ ብለው የተማሩ፣ ነፋሱ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወጣ፣ ቅጠሉ የት እንደሚከማች በእግራቸው የሚያውቁ ሴቶች ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ጉራራ ሰፈሮች ውስጥ ዛሬም አሉ። ስማቸውን ወረዳው ባያውቅ እድሩ ያውቀዋል። ዘመናቸውን ሁሉ ከታች ሆነው ወደ ማማው በፍርሃት ያዩ ናቸው፤ አሁን እነሱ ይውጡበት። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ልጆቻቸው አሉ።

እስከዚያው ድረስ ተራራ የምትወጡ ሁሉ፣ ሲጋራችሁንና የቡና ከሰላችሁን ውሃ ሳታፈሱበት አትሂዱ። ሥሩ የሚንቀሳቀስ ጭስ ካያችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ 939 ደውሉ፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነፃ መስመር ነው።