የብስክሌቱ ጥርስ

በአገው ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው የሻጩን ቃል ብቻ ሰምቶ ዋጋ አይቆርጥም። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል፤ የፊት ጥርሶቹ ተለውጠው ማለቃቸው ፈረሱ አምስት ዓመት ገደማ መሙላቱን፣ መበላታቸውና ወደ ፊት መዘንበላቸው ደግሞ ማርጀቱን ይነግሩታልና። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ ተሸልሞ የሚታየው ፈረስም ዕድሜው በጌጡ አይለካም።

ብስክሌትም ጥርስ አለው። ዳንግላ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ከአባታቸው በወረሱት የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ያደረጉት ምርመራ ይህንኑ ያስረዳል። ከብስክሌቱ የተረፈው የብረት አካሉና ሹካው ብቻ ነበር። ጎማው፣ ፔዳሉና መሪው ከዘመን ብዛት አልቀዋል፤ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦም የሠሪው ስም ጠፍቷል። ይሁን እንጂ በቤተሰቡ ዘንድ የብስክሌቱ ትውልድ አጠያይቆ አያውቅም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲሸሽ አባት ከአንድ ወታደር የማረኩት ነው ይባላል። ልጆቹ ያደጉት በዚህ ታሪክ ነው፤ አባት ባረፉ ጊዜም በለቅሶው ላይ ተወስቷል።

መምህሩ ምርመራውን የጀመሩት ታሪኩን ሊያጸኑት እንጂ ሊያፈርሱት አልነበረም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ቀለምና መለዋወጫ አይታመኑም። ወደ 80 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በባሕር ዳር፣ በዚያች የብስክሌተኞች ከተማ፣ የቻይናው ፊኒክስና የህንዱ ሂሮ ዕቃ ሲዋዋሱ ኖረዋልና፣ የጣልያን አካል የቻይና ፔዳል ለብሶ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የጠጋኞቹም ቋንቋ ያሳስታል። ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ሻንጋይ የተሠራው ብስክሌትም ቸርኬው ቸርኬ ነው።

እውነተኛው ምስክር ያለው የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት አጭር በርሜል ውስጥ ነው። ዘንጉን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ክዳኖች በጥርስ ይጠብቃሉ፤ ጥርሱም እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ ደንብ የበርሜሉ ወርድ 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። በጣልያን ደንብ ወርዱ 70፣ የክዳኑ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለቱም ክዳኖች ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። የፈረንሳዮቹም እንዲሁ ሁለቱም ወደ ቀኝ ናቸው፤ የክዳናቸው ስፋት ግን 35 ነው። መምህሩና አንድ ጠጋኝ የዛገውን ክዳን በናፍጣ አርሰው ካሳደሩት በኋላ በብርቱ ትግል ፈቱት። 70፤ 36፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ። ጣልያንነቱ ተረጋገጠ።

ደስታው የዘለቀው እስከ ኋላ እግሩ ድረስ ነው። የኋላው ጎማ ዘንግ በሚገባበት ብረት ላይ ካምፓኞሎ የሚል ስም ታትሟል፤ ከሥሩም ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ጆሮ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቷል። ቱሊዮ ካምፓኞሎ ድርጅቱን በቪቼንሳ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው (ይህ በእኛ አቆጣጠር 1925 ገደማ ስለሆነ የቁጥሩ መመሳሰል አንባቢን እንዳያሳስት)። በእንዲህ ያለው ጆሮ ላይ የሚታሰረው ግራን ስፖርት የተባለው ማርሽ ቀያሪ ግን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሁለቱ የኋላ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 120 ሚሊ ሜትር መሆኑም አካሉ ለአምስት ማርሽ እንደተበጀ ያሳያል። የውሃ ጠርሙስ ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም፤ ይህ ቀዳዳ በእሽቅድምድም ብስክሌቶች ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ብስክሌቱ የተሠራው ጣልያን ከዳንግላ ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በ1933 ዓ.ም. ማንም ሊማርከው አይችልም ነበር።

ታዲያ ከየት መጣ? የብስክሌት እሽቅድምድም በአሥመራ ሥር የሰደደ ስፖርት ነበር፤ የኤርትራ ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችን አሰልፋለች። በዚያ ዘመን የጣልያን ብስክሌት ለማግኘት ጦር ሜዳ መዋል አያስፈልግም፤ ገንዘብ ይበቃል።

መምህሩ ይህን ይዘው እንጅባራ ወደሚኖሩት አክስታቸው ሄዱ። አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«ወንድሜማ በፌዴሬሽኑ ጊዜ አሥመራ ተሻግሮ የቀን ሥራ ሠርቷል» አሉ። «ያገሬ ሰው ‹የእንትና ልጅ ለሰው ድንጋይ ተሸከመ› ይለኛል ብሎ ነው ምርኮ ያለው። በላቡ ነው የገዛው፣ ልጄ።»

በጠመንጃ የተገኘ ዕቃ በደመወዝ ከተገኘው ይልቅ ይከበር በነበረበት ዘመን፣ ይህን ውሸት በሰውየው ላይ መፍረድ ይከብዳል። ሦስት ወይም አራት ዓመት ድንጋይ የተሸከመበትን ገንዘብ በአንድ ብስክሌት ላይ ያዋለ ወጣት፣ ያን ሁሉ ድካም ደብቆ መኖሩ ግን ያሳዝናል።

ከበርሜሉ ሥር የተመታ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። የሠሪው መዝገብ ካልተገኘ ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ ቢሆንም መምህሩ ቀለም ቀቢው እንዳይሞርደው አስጠንቅቀውታል። የአክስታቸውንም ቃል ለወንድሞቻቸውና ለእህታቸው ነግረዋል። እህታቸው ግን እስከ ዛሬ «የአባባ ምርኮ» ማለቱን አልተወችም።