በመርካቶ ሳይፈሩና ሳያስፈሩ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የመኳንንትና የባለጠጎች ነገር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሲሠራ፤ የሚነሣው ሰው የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ፈቅዶና ተዘጋጅቶ ይቀርብ ነበር። ዛሬ ግን ካሜራ ያለው ስልክ በየወጣቱ ኪስ ስለ ሆነ፤ ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ መልኩ በቅጽበት ይወሰዳል። ከልጆቻችንም በዕረፍታቸው ቀን ካሜራ ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በሰላም ውለው በሰላም ይመለሱ ዘንድ የሚረዳቸውን ምክር ለእነርሱም ለወላጆቻቸውም መጻፍ ተገቢ ነው።

ፎቶግራፍ ለሚወድ ሰው ከመርካቶ የበለጠ ስፍራ በከተማችን አይገኝም። ዋናው ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ግን የአገሬውን ሰው ከአውሮጳውያን ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ ይኸውም የአገሬው ተወላጆች ገበያ ማለት ነው። ለመለየትና ለመናቅ የተሰጠው ስም በነጋዴው ትጋት ተለውጦ፤ እነሆ ዛሬ መርካቶ ማለት የኢትዮጵያ ሁሉ መገናኛ ማለት ሆኗል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ በዚሁ ሰፈር ተቀራርበው ይታያሉ። ገበያውም በየተራው የተከፈለ ነው፤ ሸማው በሸማ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ ይሸጣል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው ሰው የጣለውን ቆርቆሮና ብረት ቀጥቅጠው ለቤት የሚጠቅም ዕቃ በሚያደርጉት እጀ ብልሆች የታወቀ ስም ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለዐይን ደስ ሲያሰኝ፤ ካሜራ የያዘውን ሰው የሚያሠጉት ሁለት ነገሮች አሉ። ፊተኛው ሌባና ግፊያ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በማለዳ መሄድ፣ ሰፈሩን ከሚያውቅ ባልንጀራ ጋር መሆን፣ ቦርሳን በደረት በኩል መያዝ፣ የማያስፈልገውን ገንዘብና ዕቃ በቤት መተው ነው። ከዚህም በላይ እየተራመዱ በካሜራ ውስጥ መመልከት አይገባም። ከራሱ በላይ የሚረዝም ጭነት የተሸከመ ሰው በድንገት ለመቆም አይችልምና፤ መንገድ መልቀቅ የባለ ካሜራው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ግን የሚከብደው ነው፤ ይኸውም የሰው ቍጣ ነው። ብዙ ወጣቶች «ምን በደልናቸውና ይቈጣሉ» ይላሉ፤ ቍጣው ግን ምክንያት አለው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በተነሣው እሳት የብዙ ሰው ንብረት ጠፍቷል፤ በኅዳርም ስለ ደረሰኝ ቍጥጥር ጭንቀት ሆኖ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። እንዲህ ያለውን ወራት ያሳለፈ ነጋዴ፤ የማያውቀው ሰው ዕቃውንና ሒሳቡን ፎቶግራፍ ሲያነሣበት ቢጠራጠር አያስደንቅም። ከገጠር መጥቶ በሸክም የሚኖር ጐልማሳም ምን ሥራ እንደሚሠራ ለእናቱ አልነገራት ይሆናል።

ደግሞም የቈየ ቍስል አለ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኬንያ ሰው የሆነው ሙሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረኃብ ፊልም በዓለም ሁሉ ታይቶ፤ ብዙ እርዳታ አስገኝቷል፤ የብዙ ሰው ነፍስም ድኗል። የሆነ ሆኖ የውጭ አገር ሰው ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያን በዚያ ሥዕል ብቻ ማወቅ ስላበዛ፤ ወገናችን «ድህነቴን ለማን ልታሳይ ነው» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ሊዘጋጅለት ያስፈልጋል።

ሕጉም ለዚህ ሰው ይረዳዋል። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንሠራ ሰዎች እንደምናውቀው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን ስለ ታወቁ ሰዎችና ስለ ባለ ሥልጣኖች፣ ስለ ፍርድና ስለ ፖሊስ ሥራ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ባህል ጥቅም፣ ደግሞም በአደባባይ ስለ ተደረገ ነገር ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚቻልበትን ይዘረዝራል። በአንቀጽ 29 መሠረት መልኩ ያለ አግባብ የታየበት ሰው እንዲቀርለት ለመጠየቅ ይችላል፤ ዳኞችም ካሣ ሊፈርዱለት ይችላሉ። እንግዲህ ሕጉ በተለይ የሚጠብቀው ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ የሚደረግበትን ነገር ነው። በኢንተርኔት ማውጣትም ዛሬ ከአደባባይ ሁሉ የሰፋ አደባባይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ስለዚህ በመርካቶ የሚያስከብረውና ከቍጣ የሚያድነው ተደብቆ ማንሣት አይደለም፤ ታይቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶና ጠይቆ ማንሣት ነው። ካሜራው ከመውጣቱ በፊት «እንደምን ዋሉ እማማ፤ ገበያው እንዴት ነው» ማለት፤ በርበሬም ሆነ ዕጣን ጥቂት መግዛት፤ ከዚያም «ቢፈቅዱልኝ አንድ ፎቶግራፍ ላንሣዎት» ብሎ መጠየቅ ነው። እንቢ ቢሉ «ይቅናዎት» ብሎ ማለፍ እንጂ መለመን ወይም በሩቅ መስረቅ ነውር ነው። ቢፈቅዱም የተነሣውን ማሳየትና ለምን እንደሚሆን መንገር ይገባል፤ አትሞ መልሶ ማምጣት ደግሞ ወዳጅነትን ያጸናል። በሁለተኛው ቀን ያው ሰው ራሱ ለጎረቤቱ «የእኛ ልጅ ነው» ብሎ ይመሰክርለታል፤ ከዚህም የሚበልጥ ጠባቂ የለም። ሰው ከተቈጣ ግን ካሜራን ዝቅ ማድረግ፣ ድምፅን አለማንሣት፣ ያልፈቀደውን ሰው ፎቶግራፍ በፊቱ ማጥፋት ነው። ሰው ቢሰበሰብ ከሕዝብ ጋር መከራከር አይገባም፤ ወደ ቅርብ ባለ ሱቅ ወይም ሽማግሌ ተጠግቶ ጉዳዩን በእርጋታ ማስረዳት ይሻላል። ጸሎት በሚደረግበት ስፍራና ጥበቃ በቆመበት ግቢ ደግሞ አስቀድሞ ሳያስፈቅዱ ካሜራን አለማውጣት ነው።

በዚህ ሥራ ከከተማችን መንገዶች ተነሥተው የተመሰገኑ ሰዎች አሉ። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ እያነሣ፤ እያንዳንዱን ሰው ከግርግሩ ለይቶ በደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን አቆመው። በዚህም ሥራው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የሚሰጡትን ሽልማት አገኘ። ሥራውን የሚያይ ሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚሄደውን ሁሉ እንደ አንድ ባለ ክብር ሰው ይመለከታል እንጂ እንደ ችጋር ምልክት አያየውም። የካሜራው ዋጋ ብዙ አለመሆኑም ለወጣቶች ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ወላጆችም ልጃቸው ካሜራ ይዞ ሲወጣ «ተጠንቀቅ» ከማለት ጋር «ማንን አስፈቀድህ» ብለው ይጠይቁት። «ሳይጠሩት አቤት፤ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው፤ ወደ ሰው ኑሮ ሳይጠሩ መግባት በገበያም ቢሆን ድፍረት ነው። አስፈቅዶ ያነሣ ልጅ ግን የሚደብቀው ነገር ስለሌለው፤ በመርካቶ መካከል ቀና ብሎ ይሄዳል።