ጉንፋን ሁሉ ጉንፋን አይደለም

ሰው ከሚንቃቸው በሽታዎች ሁሉ ጉንፋንን የሚያህል የለም። ያስነጠሰውም፣ ያተኮሰውም፣ አጥንቱን የቆረጠመውም «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ያልፋል። ነገር ግን በዚህ በአንድ ስም ቀላሉም ከባዱም ሕመም ስለሚጠራ፣ ለይቶ አለማወቅ አንዳንድ ጊዜ ለሞት ያበቃል።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው እንደ ሾዋክ ባለ ሥፍራ ነው። ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። አትባራ ከጎንደር ደጋ ይነሣና ተከዜን ተቀብሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንደ ውሃው ሁሉ ሰውም በክፉ ቀን ወደዚያ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ድንበሩን ተሻገሩ። በረሃቡ ዘመን በመጠለያዎቹ ውስጥ ሰውን ከጨረሱት መካከል ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ይገኙባቸው ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ዳስ ተፋፍጎ በሚያድርበት፣ በአንድ ጣሳ በሚጠጣበት ቦታ የአንዱ ሳል የሁሉም ሳል ይሆናል።

ተራ ጉንፋን የሚገባው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ ጉሮሮን ይከረክራል፤ ቀጥሎ አፍንጫን ያፍናል፣ ያስነጥሳል፣ ንፍጥ ያዘንባል። ትኩሳቱ ከኖረም መለስተኛ ነው። ከ200 በላይ የሆኑ ልዩ ልዩ ቫይረሶች ያመጡታል። በሽተኛው ቢጨናነቅም ሥራውን አያቆምም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ይድናል።

ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገተኛ ነው። ጧት ማሽላ ሲያጭድ የነበረ ብርቱ ሰው ማታ በብርድ ብርድ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ይበልጣል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ወገቡና መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል፤ ደረቅ ሳል ይዞት ከመኝታው መነሣት ያቅተዋል። ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ቢበርድም ድካሙና ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

የዚህን በሽታ ክፋት ኢትዮጵያ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አይታዋለች። በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደፈጀ የሚገመተው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድም ከዚያ ዘመን መከራ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ጭሱ ቫይረሱን አይገድልም፤ እንዲያውም የታመመ ሳንባን ያስጨንቃል። ግቢን ማጽዳቱ ግን ምን ጊዜም የሚመሰገን ነው።

በሾዋክና በአካባቢዋ አንድ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አገሩ የወባና የካላዛር አገር ነው። ወባም እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ይፈልጣል፣ ያተኩሳል። ስለዚህ በዚያ ቆላ ያተኮሰው ሰው ደሙን ሳያስመረምር «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት አይገባውም። በተለይም ንፍጥና ሳል የሌለበት ትኩሳት ያጠራጥራል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀና ሰውነትን እያከሳ ጣፊያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ደግሞ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት።

ሕመሙ ጉንፋን ወይም ቀላል ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ ከታወቀ፣ መድኃኒቱ ዕረፍትና ብዙ ፈሳሽ ነው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የዝንጅብል ሻይ በሎሚና በማር፣ በዚያ አገር የሚወደደው ካርካዴም ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይወሰዳል። ለልጆች አስፒሪን መስጠት አደገኛ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን ስለማያጠፋ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደብር ገዝቶ መዋጥ ገንዘብን ያባክናል፤ መድኃኒቱም በሚያስፈልግበት ቀን ኃይሉን እንዲያጣ ያደርጋል።

ሆኖም ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የወጋው፣ አእምሮው የተደናገረው ሰው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ መጥባት ወይም መጠጣት እምቢ ያለ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎች፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና የልብ፣ የአስም ወይም የስኳር ሕመምተኞች ከሌላው ይልቅ ይጠቃሉ።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሲያስሉ አፍን በክንድ ወይም በመሐረብ መሸፈን፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የበሽተኛውን መጠጫ ለብቻ ማድረግ፣ የዳሱን በር ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ማንም የሚችለው ነው። ክትባቱ በሚገኝበት ቦታም በየዓመቱ መከተብ ይጠቅማል።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጉንፋንን መፍራት አያስፈልግም፤ በጉንፋን ስም የተሸሸገውን በሽታ ግን ለይቶ ማወቅ ራስን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣራ ሥር የሚያድረውን ወገን ሁሉ ማዳን ነው።