በብርድ ውሃ ውስጥ ስለ መተንፈስ

ፍርሃትና ጥንቃቄ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ሰውን ከወንዝ ዳር ያቆሙታል። ነገር ግን ፍርሃት ያቆመው ሰው ውሃውን ሳያውቀው ይኖራል፤ ጥንቃቄ ያቆመው ሰው ጥልቀቱን ለክቶ፥ መውጫውን አይቶ ይገባል፤ ወይም አይቶ ይተዋል። ይህን ነገር በሥጋዬ የተማርሁት ዕድሜዬ ከአምሳ ካለፈ በኋላ፥ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ፥ ከባሕር በታች ነው።

ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። ታናሽ ወንድሜን በጎጃም አገር በክረምት ወራት ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው። ልጁ በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረ። ያ ሕፃን አድጎ፥ ተምሮ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚሁ በሲያትል ከተማ ከእኔ ጋራ ሲኖር፥ አንድ ቀን «አጎቴ፥ የባሕር መጥለቅ ትምህርት ልማር አስቤአለሁ» አለኝ። እናቱም ይህን በሰማች ጊዜ ከአገር ቤት ስልክ ደውላ «ወንድም ጋሼ፥ አባቱን የወሰደው ውሃ አይበቃውም? እባክዎ ይከልክሉልኝ» ብላ አለቀሰች።

ልጁ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ብከለክለው ሳይነግረኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ብፈቅድለትም የማላውቀውን ነገር መፍቀድ ይሆንብኛል። ስለዚህ ነገሩን ራሴ ልመርምረው ብዬ፥ አንድ ክረምት ሙሉ ዋና ከተማርሁ በኋላ፥ ከእርሱ ጋራ ተመዘገብሁ። ሐኪም ልቤንና ሳንባዬን መረመረ። ከዚያም ሁለት መቶ ሜትር ያለ ዕረፍት መዋኘት፥ ዐሥር ደቂቃም በውሃ ላይ ተንሳፎ መቆየት ታዘዝሁ፤ ይህንም ፈጸምሁ።

ጥበቡ ከሞላ ጐደል አዲስ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶ የሚባል የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኰንንና ኤሚል ጋኛን የሚባል መሐንዲስ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1943 ዓመት፥ ጠላቂው በሳበ ጊዜ ብቻ አየርን በውሃው ግፊት ልክ የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ጠላቂው አየሩን በሲሊንደር አድርጎ በጀርባው ይሸከማል፤ በአፉም መተንፈሻውን ይነክሳል።

ከሁሉ በፊት የሚነገረው ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም «ትንፋሽህን ከቶ አትያዝ» የሚል ነው። እኛ በልጅነታችን ወንዝ ስንገባ የተነገረን የዚህ ተቃራኒ ነበረ። ነገር ግን ያ ምክር አየርን ከላይ ስቦ ለሚገባ ሰው እንጂ ከታች ለሚተነፍስ ሰው አይሆንም። በባሕር ወለል ላይ ያለው ግፊት አንድ ቢባል፥ በ10 ሜትር ጥልቀት ሁለት፥ በ20 ሜትር ሦስት ይሆናል። ሮበርት ቦይል የሚባል ሊቅ በ1662 ዓመት እንዳሳተመው፥ ግፊት እጥፍ ሲሆን አየር በመጠኑ ግማሽ ይሆናል፤ ግፊቱም ሲቀንስ ተመልሶ ይሰፋል። እንግዲህ በ10 ሜትር ሳንባውን ሞልቶ፥ አፉን ዘግቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፥ አየሩ በሳንባው ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይሻል፤ ሳንባውም ይቀደዳል። የፈራ ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ትንፋሹን ይይዛል፥ ወደ ላይም ይሮጣል። በዚያ ስፍራ ሁለቱም የሞት መንገድ ናቸው። ይህን በሰማሁ ጊዜ፥ ፍርሃት ጠባቂ መስሎ የሚገድል እንደ ሆነ አስተዋልሁ።

በፑጀት ሳውንድ ያለው ውሃ በበጋም ቢሆን አይሞቅም። እኛ በገባንበት በጥቅምት ወር ዐሥር ዲግሪ ነበረ። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለበስን፤ ልብሱ የያዘው አየር እንዳያንሳፍፈንም የእርሳስ ክብደት ታጠቅን። ከመግባታችንም አስቀድሞ እኔ የልጁን ትጥቅ፥ እርሱም የእኔን እየዳሰስን መረመርን፤ ማንም ያለ ባልንጀራ አይጠልቅምና።

መምህራችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ከታች በአሸዋው ላይ ተንበርክከን ሳለን የፊቴን መስተዋት እንዳወልቅ በእጇ አመለከተችኝ። አወለቅሁ። ብርዱ ዐይኔንና አፍንጫዬን በመታኝ ጊዜ ደረቴ ተቆለፈ፤ ሰውነቴም ሁሉ «አፍህን ዝጋ፥ ወደ ላይ ውጣ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ማኅሌት ስንቆም ትንፋሽን እንደምናስረዝም፥ ቀስ ብዬ አስወጣሁ፥ ቀስ ብዬም ሳብሁ። በሦስተኛው ጊዜ ደረቴ ተፈታ። መስተዋቱንም መልሼ አጠለቅሁና፥ የላይኛውን ጠርዝ ተጭኜ በአፍንጫዬ ብተነፍስ ውሃው ከታች በኩል ወጣ። ወንድሜን ያሰብሁት በዚያች ሰዓት ነው። ጎርፉ ይህን ያህል ጊዜ እንኳ አልሰጠውም።

ቀጥሎ አየር ያለቀበትን ሰው ማዳን ተማርን። እኔ እጄን በጉሮሮዬ ላይ እንደ ቢላዋ አሳለፍሁ፤ ይህም «አየር የለኝም» ማለት ነው። ልጁም ትርፍ መተንፈሻውን አውጥቶ ሰጠኝና ክንዴን ያዘ። ዐይን ለዐይን እየተያየን፥ እኔ ከእርሱ ሲሊንደር እየተነፈስሁ፥ ቀስ ብለን ወጣን። በሕፃንነቱ በጀርባዬ ያዘልሁት ልጅ በዚያን ጊዜ እስትንፋሴን ይዞልኝ ነበር።

በሁለት ቀን አራት ጊዜ ጠለቅን። በመጨረሻው መውጫችን፥ እንደ ሥርዓቱ በ5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆምን። በአጠገባችን በቆሙት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ አበባ የሚመስሉ ነጫጭ የባሕር እንስሳት ተዘርግተው ነበር። ልጁ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ክብ ሠርቶ አሳየኝ፤ ትርጓሜውም «ደኅና ነኝ» ነው። እኔም እንዲሁ መለስሁለት።

በኋላ የተሰጠን ምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር ድረስ፥ ከባልንጀራ ጋራ፥ ትምህርቱን በተማርንበት ዓይነት ውሃ እንድንጠልቅ ይፈቅዳል። «ይህ ሰው አይፈራም» የሚል ቃል የለበትም፤ ወሰንን ያሳያል እንጂ። ያየሁትን ሁሉ ለእናቱ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ በመጨረሻም «እንግዲያስ ብቻውን እንዳይገባ» አለች። ልቧ ፈጽሞ አላረፈም፤ እስከ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ትደውላለች። እኔም በዚህ አልፈርድባትም።

አንባቢ ሆይ፥ ልጆቻችንን ከውሃ የሚያድናቸው የእኛ መፍራት አይደለም። ወንዝ በሞላበት አገራችን ዋና የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ክረምትም በመጣ ቁጥር የሚለቀስበት ቤት አይጠፋም። እንግዲህ «አትግባ» ከምንላቸው ጋራ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ብናስተምራቸው፥ የማናውቀውንም ከመከልከላችን በፊት ብንመረምረው፥ ይህ ለአባት የተገባ ሥራ ይመስለኛል።

ትንፋሹን ቢቋጥር ነፍሱን ሊያድናት፥
የቋጠረው ትንፋሽ ሆነበት ጠላት፤
ሰጥቶ የሚቀበል ቀስ ብሎ ሲወጣ፥
ከነባልንጀራው ከጥልቁ መጣ።