ትኋን ስታቃጥሉ ትዳር እንዳይቃጠል

ለመሆኑ «ቤቴ ትኋን ገብቷል» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቁንጫ ሲሆን እየሳቅን እናወራለን፤ ትኋን ሲሆን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እኔ ቢቸና ያደግሁ ሰው ነኝና አላፍርም። ትኋን ሀብታም ደሃ ብሎ አይመርጥም። በመንገደኛ ሻንጣም፣ በተገዛ አሮጌ አልጋም፣ በእንግዳ ጋቢም ይገባል። እናቴ በዓል ሲቃረብ አልጋውን ፈታትታ ደጅ ታወጣና በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ ታንቆረቁርበት ነበር።

ይህን ኋላ ቀርነት ነው የሚል ካለ አልስማማም። ዲዲቲ ተአምር ተብሎ በሚወደስበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ሃዋይ ውስጥ ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኝተዋል። ሙቀት ግን ሌላ ነው። 50 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት የቆየ ትኋን ከነዕንቁላሉ ያልቃል። በውጭ አገር ኩባንያዎች ቤቱን በሙሉ በትልልቅ ማሞቂያ እያጋሉ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚቀበሉት ለዚሁ ነው። ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃችን 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይሁን፣ ለትኋን አያንስም።

ጣጣው ሙቀት ዓይን የሌለው መሆኑ ነው፤ ትኋኑንም ዕቃውንም እኩል ያገኛል።

የማውቃቸው አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። እሱ የቢቸና ልጅ፣ እሷ የሞጣ። ቢቸና አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እናቷ ታመው ልትጠይቅ ሞጣ በሄደችበት ሳምንት፣ ባል «ስትመለስ ደስ ይበላት» ብሎ ሁለት በርሜል ውሃ አፈላና ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቸለሰበት። ከአልጋው ላይ የተነጠፈው ጀንዲ የአያቷ ነበር። ቆዳ ደግሞ ርሶ 60 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይኮማተራል፤ እንደ ቋንጣ ተጨማደደ። እሱስ ይቅር። አልጋው ሥር በነበረው ሳጥን ውስጥ የሟች አባቷ ፎቶግራፍ ነበረች፣ ያለቻቸውም እሷው ብቻ። ውሃው ገብቶ ፎቶዋን ከመስታወቱ ጋር አጣበቃት፤ ሊያላቅቅ ሲሞክር ፊቱ ተላጠ።

ሚስት መጣች፣ አየች፣ «አባቴን ሁለተኛ ገደልከው» አለችና በማግስቱ ወደ ሞጣ ተሳፈረች።

ለሽምግልና በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ከሄድነው አንዱ እኔ ነበርኩ። እናትየዋ ከሕመማቸው ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ለደግ ብሎ እንዳደረገው አጣሁት? ምነው አንዴ ደውሎ፣ የቱን ላውጣ የቱን ልተው ቢላት!» አሉን። መልስ አልነበረንም። ልጅቷ የተመለሰችው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

«ታዲያ ውድ ውዱን ዕቃ ጎረቤት አስቀምጦ ማፍላት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! ትኋን በመጽሐፍ ጥራዝና በፎቶ ፍሬም ጀርባም ይደበቃል፤ ሳይበላም ወራት ይቆያል። ጎረቤት ያስቀመጣችሁት ዕቃ ጎረቤትን በክሎ እናንተኑ መልሶ ይበክላል። ከእሳቱ የሚያመልጥ ዕቃ የራሱ ማጽጃ ያስፈልገዋል።

ፎቶውን ከፍሬሙ አውጡና ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ አራግፉት። ከዚያ ከመጻሕፍቱ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩ። ፍሪዘር ያለው ዘመድ ካለ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን ማሳደር ነው። የታሸገ ስለሆነ የዘመድ ቤት አይበክልም። ጀንዲና አጎዛ ውሃ አይንካቸው፤ ስፌት ስፌታቸውን በብሩሽ ፈትጉና ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ አራግፏቸው። በርኖስም የሱፍ ነገር ስለሆነ ከተቀቀለ የሕፃን ልብስ ይሆናል። በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልሎ ጠራራ ፀሐይ ላይ ማዋል ይሻለዋል። ነጭ ጋቢ ጥጥ ነውና ቀቅሉት፤ ጥለት ካለው ግን ቀለሙ እንዳይለቅ መጀመሪያ ጫፉን ሞክሩ። የጋዝ ላይተር፣ ፍሊት፣ ስልክና መድኃኒት እሳትም ሆነ ጠራራ ፀሐይ ያለበት አይድረሱ። ጧፍም ሰሙ 60 ዲግሪን አለፍ ሲል ይቀልጣል።

ስለ ፍራሽ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይዞራል፣ የስፖንጁም ሆድ አይግልም። ስፌቱን በጋለ ካውያ ቀስ ብሎ መተኮስ ይረዳል፤ ስፖንጁ ራሱ ግን በካውያ ይቀልጣልና ተጠንቀቁ። የጭቃ ግድግዳ ላይ የፈላ ውሃ መድፋት ምርጊቱን ማውረድ ነው፤ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑት። ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት በኩል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉ። አልጋ ላይ ላምባ የሚቀቡ አሉ፤ ክብሪት አጠገቡ ስታስቡት ሰውነት አይሰቀጥጥም?

እንግዲህ ያመለጠ ዕንቁላል በሞቃት ቤት በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ እንደ ቢቸና ባለ ደጋ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ተነስታችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ የአልጋውን መጋጠሚያ እዩት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ተነሱ።