ምን ጠፋብህ?

መሐል ሜዳ የገባሁት ማታ ነበር። በማግስቱ ጥዋት እናቴ ቡና እስክታፈላ ብዬ ወጣሁና ከከተማው ጀርባ ያለውን ጅረት ይዤ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ። ታኅሣሥ ነው። ውርጩ ገና ስላልለቀቀ ሣሩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ውኃው ዳር ዳሩን በስሱ ግግር ይዟል። ግማሽ ሰዓት እንደሄድኩ በርኖስ የደረቡ አዛውንት ከማዶ አህያ እየነዱ መጡ።

«እንዴት አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት አደሩ አባባ?»

«ይመስገን። ምን ጠፋብህ?»

ምንም እንዳልጠፋብኝ፣ እንዲሁ እየሄድኩ መሆኑን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «ወደዚያ ማዶ በጎች አይቻለሁ፤ ሄደህ እይ» ብለውኝ አህያቸውን ነድተው አለፉ።

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር በጥዋት ወንዝ ለወንዝ ግራ ቀኙን እያየ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከብት የጠፋበት ነው። መንዝ እግረኛ ነው፤ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ፣ ወፍጮ ቤት ሁሉም በእግር ነው። ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት የሚሄዱ ጓደኞች ነበሩን። ግን መንገድ ሁሉ ጉዳይ አለው። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ አንድም ቀን ያለ ጉዳይ ተራምጄ አላውቅም። በጎቹን አያለሁ፣ የጎደለውን እቆጥራለሁ፤ አገሩን ግን አላየሁትም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ነው። ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሄድኩ።

መንዝን የማያውቅ ሰው «ገደል ነው» ይላል። ገደሉ አለ፤ እነ ጀማና ወንጪት ምድሩን እስከ ቆላው ድረስ ሰንጥቀውታል። ከላይ ግን ሜዳ ነው፤ ከተማዋስ ስሟን ያገኘችው ከምን ሆነና? ጅረቶቹ ገደሉ አፋፍ እስኪደርሱ ድረስ በዚያ ሜዳ ላይ ሳይቸኩሉ ይጠማዘዛሉ፤ ዳር ዳራቸውን ጨፌ ነው። እግር አይደክምም። የሚደክመው ትንፋሽ ነው፤ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን የአዲስ አበባ ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን እየቆመ መሄድ አለበት። ዛፉ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። የድሮውን ዛፍ፣ ጥዱንና ወይራውን፣ ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሂድ። በር ላይ ተሳልሜ በጥላው ሥር ስዞር የሰማሁት የወፍ ድምፅና የአንድ ተማሪ ቅኔ ብቻ ነበር።

ሁልጊዜ ልቤ የሚሄደው ግን ወደ ጓሳ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ጣርማበር በሚወስደው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ፣ ጓሳ በሚባለው ሣር የተሸፈነ፤ አስታው በየጉብታው፣ ጅብራው እንደ ዘበኛ ብቻውን ቆሞ። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ ዓባይ ይገባል፣ በምሥራቅ የሚወርደው አዋሽ። እዚያ አንዷን የጓሳ እቅፍ በእጄ ከፈልኳት። ከላይ ውርጭ ነው፤ ውስጧ ግን ደረቅና ለብ ያለ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ቅጠል ከሥር ተነጥፎ፣ ከጎኑ የአይጥ ጉድጓድ፣ አፉ ላይ ገና ያልደረቀ ትኩስ አፈር። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ጌሳ ነው።

ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ድምፁ ይሰማል። በመሐላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ ሲሄድ አየሁ፤ አልሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን ቀና ብሎ አላየም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህንን ቆጥረውታል፦ ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአቅመ መራባት የደረሰው 500 አይሞላም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ? ዙሪያውን ያለው ኮረብታ እስከ ጫፉ ታርሷል። ጓሳ የተረፈው የመንዝ ሰው ስለከለከለው ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የሚወለዱ ሁሉ ቄሮ በሚባል ሥርዓት አባ ቄራ የሚሉት አለቃ መርጠው ያስጠብቁ ነበር። ቦታው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል፤ በበጋው ድርቅ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል፣ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ተመልሶ ይዘጋል። ተደብቆ ያጨደ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ከባድ ነው፤ አልፎ አልፎ አስቤ ይቀፈኛል። ነገር ግን ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያ የነበረው ያ ሣር ነው፤ ጨከን ካላሉ አይቆይም ነበር።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ቦታው ተጎዳ። ከዚያ ሰዉ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና ያዘው፤ በኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ጎብኚ የሚያድርበትን ሎጅም የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው። ስለ ጓሳ ሲወራ ቀበሮው ብቻ ሲነሳ የሚከፋኝ ለዚህ ነው። እኔ እንደልቤ የተራመድኩበት ለምለም ምድር አያቶቼ ማጭድ ታጥቀው፣ ከብታቸው እየተራበ፣ «ቀኑ አልደረሰም» ብለው ያለፉት ነው።

በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰበት ከ2015 መጨረሻ ወዲህ መንገዱ እንደ ድሮው ሁልጊዜ አይከፈትም፤ የምትሄዱ ካላችሁ አስቀድማችሁ አገሬውን ጠይቁ።

እኔ መንገዱ ሰላም ከሆነ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ልጄን ይዣት እመጣለሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለብን። እናቴ ባና አዘጋጅታላታለች፤ ለጨፌው የሚሆን ቦቲ ጫማ ግን በቁጥሯ እስካሁን አላገኘሁም።